የፍሬን ዘይት ሲያንጠባጥብ መኪናው ይቁም
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለማኅበራት አባላትና ለወረዳ ኃላፊዎች የቀረበ ንግግር)



በዚህ በዓል ስለ ማዳበሪያና ስለ ምርጥ ዘር ብዙ ተብሏል። የዚህ ንግግር ርዕስ ግን ማዳበሪያው የሚመጣበት፣ ምርቱም ወደ ገበያ የሚሄድበት መኪና ነው፤ በተለይም ዕድሜው በገፋ አይሱዙ ላይ ስለሚያንጠባጥብ የፍሬን ቱቦ። «ይህ የሹፌርና የመካኒክ ጉዳይ ነው» የሚል አባል ይኖር ይሆናል። የአስተዳደር ኮሚቴም ጉዳይ መሆኑን የሚከተለው ታሪክ ያስረዳል።

በምሥራቅ ጎጃም በአንድ ማኅበር ግቢ፣ በጥር ወር፣ አንድ አሮጌ አይሱዙ 35 ኩንታል ጤፍ ተጭኖበት ለማግስቱ ጉዞ ተዘጋጅቶ ነበር። መንገዱ ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን የሚያሻግረው የዓባይ በረሃ ነው፤ ወደ 40 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ጠመዝማዛ፣ ከደጋው እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ የሚወርድ ቁልቁለት። ማምሻውን ረዳቱ ጎማ ሲፈትሽ የኋላ ግራው ጎማ ከውስጥ በኩል ረጥቦ አገኘው።

«ጋሼ፣ ይሄ ውኃ አይደለም» አለ።

ሹፌሩ በጣቱ ነካ አደረገው። ቀጭንና የሚያሟልጭ ነው፤ ውኃ ሲያፈሱበት ታጥቦ ሄደ። የዲፈረንሻል ዘይት ቢሆን ኖሮ ወፍራም ይሆን ነበር፤ በውኃም አይለቅም። የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያውን ሲያዩትም ከምልክቱ በታች ወርዷል። ጥርጣሬው በዚህ አበቃ።

ወሬው ሊቀ መንበሩ ዘንድ ደረሰ። ገዢው የቆረጠው ዋጋ ለነገ ብቻ ስለሆነ «ጋሼ፣ እባክዎ እንደ ምንም ይድረሱልን፤ አባላቱ ገንዘባቸውን ይጠብቃሉ» ሲል ለመነ። ከቆሙት አንዱም «ወደዚያ ጎማ የሚሄደውን ቱቦ አጥፎ በፒንሳ መጭመቅ ነው፤ በሦስቱ ይወርዳል» የሚል ምክር አመጣ። ሹፌሩ ግን «ሦስት እግር ያለው በሬ ገደል አይወርድም» ብሎ ቁልፉን ለሊቀ መንበሩ አስረከበ።

ሹፌሩ ልክ ነበር። የአይሱዙ ፍሬን የሚሠራው በዘይት ግፊት ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ ዋናው ፖምፓ ዘይቱን በቱቦዎቹ ውስጥ ይገፋዋል፤ ግፊቱም በየጎማው ያለውን ፍሬን ሸራ ከታምቡሩ ጋር ያጣብቀዋል። ቱቦው ሲቀደድ ግፊቱ በቀዳዳው ይወጣል። የፊቱና የኋላው መስመር የተለያየ በሆነ መኪና ላይ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይቀራል፤ የቀረው ግን ሙሉ ጭነት ይዞ ለሚወርድ መኪና አይበቃም። አንዱን ጎማ ቆርጦ መሄድም መኪናውን ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ይጎትተዋል፤ የተረፉትንም ታምቡሮች ያግላቸዋል።

ጥገናው እንዴት ተካሄደ?

በማግስቱ ጭነቱ ወረደ። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ለማይነሡት ጎማዎች ታኮ ተደርጎ፣ የኋላው በክሪክ ተነሥቶ በጠንካራ መደገፊያ ላይ ተቀመጠ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር መግባት ክልክል ነው። ከከተማ የመጣው መካኒክ ቱቦዎቹን ጠርጎ ረዳቱን ፔዳል አስረገጠው። ዘይቱ የወጣው ቱቦው ከአክሱ ጋር በታሰረበት ቦታ ነበር። እንዲህ ያለ ማሰሪያ ሥር አቧራና እርጥበት ይጠራቀማል፤ ብረቱም ሳይታይ ይዝጋል። ማሰሪያው ሲላላ ደግሞ ቱቦውን ይፍቀዋል።

መካኒኩ የተቀደደውን ቦታ ብቻ በጎማ ቱቦና በማሰሪያ አልጠገነውም፤ እንዲህ ያለ ልጥፍ የፍሬንን ግፊት አይችልም። የማቀዝቀዣ መዳብ ቱቦም አልተጠቀመም፤ ተራ መዳብ በመንቀጥቀጥ ብዛት ይሰነጠቃል። ከመጋጠሚያ እስከ መጋጠሚያ ያለውን አውጥቶ ለፍሬን የተሠራ፣ ውፍረቱ እኩል የሆነ የብረት ቱቦ ተካ። ዳዶውን አስቀድሞ አስገብቶ የቱቦውን አፍ ሁለት ጊዜ አጥፎ ከፈተው፤ አፉ ከተከፈተ በኋላ ዳዶ አይገባምና። ዳዶውን መጀመሪያ በጣቱ አስይዞ በኋላ በመፍቻ አጠበቀው። አሮጌው የጎማ ቱቦም ተሰነጣጥቆ ስለተገኘ አብሮ ተለወጠ።

ቀጥሎ አየር ማስወጣት ነው። አየር ስለሚታመቅ ፔዳሉን እንደ ስፖንጅ ያደርገዋል። ከዋናው ፖምፓ ከሚርቀው ጎማ ተጀመረ። ረዳቱ ረግጦ ሲይዝ መካኒኩ የአየር ማውጫውን ብሎን ይከፍታል፤ ረዳቱ እግሩን ከማንሳቱ በፊትም ይዘጋዋል። አረፋ እስኪጠፋ ይህ ተደጋገመ፤ ማጠራቀሚያውም ባዶ እንዳይሆን በየመሐሉ ተሞላ። የወጣው ዘይት ተመልሶ አልተጨመረም። በመጨረሻም ሞተሩ ተነሥቶ ፔዳሉ ለረጅም ጊዜ በኃይል ተረገጠ፤ አልሰመጠም፤ መጋጠሚያዎቹም ደረቅ ሆነው ተገኙ። ከዚያ በኋላ ባዶውን በዝግታ ሜዳ ላይ ተሞከረ።

ስለ ዘይቱ አንድ ማሳሰቢያ አለ። የፍሬን ዘይት እርጥበት ከአየር ይስባል። ዶት 3 የተባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲገባው ግን ይህ ወሰን ወደ 140 ይወርዳል። በረጅም ቁልቁለት ዘይቱ ከፈላ እንፋሎት ይሆንና ፔዳሉ ባዶ ይወርዳል። ስለሆነም ተከፍቶ የከረመ ቆርቆሮ አይታመንም። የሞተር ዘይት መጨመርም ጎሚኒዎቹን አሳብጦ ሙሉ ፍሬኑን ያበላሻል።

ከኮሚቴዎች ምን ይጠበቃል?

ጤፉ ሁለት ቀን ዘግይቶ ደረሰ፤ በኩንታል የተወሰነ ብርም ቀነሰ። አንዳንድ አባላት ቅር ተሰኝተው ነበር። በጠቅላላ ጉባኤው ግን ሊቀ መንበሩ ራሱ ተነሥቶ «ጥፋቱ የሹፌሩ አይደለም፤ ለጥገና በጀት ያልያዝነው እኛ ነን» አለ። ጉባኤውም ሦስት ነገር ወሰነ። አንደኛ፣ ሹፌር ፍሬን አይሠራም ካለ ማንም ኃላፊ ውጣ ሊለው አይችልም፤ ይህም በመተዳደሪያ ደንቡ ይጻፋል። ሁለተኛ፣ የፍሬን ቱቦ፣ ጎሚኒና ዘይት በየዓመቱ ከመኸር ጭነት በፊት ይመረመራል፤ ወጪውም አስቀድሞ በበጀት ይያዛል። ሦስተኛ፣ የፍሬን ዘይት መጠን በየጉዞው ዋዜማ በመዝገብ ይጻፋል፤ ያለ ምክንያት የሚጎድል ዘይት የለምና።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። በዚያ ማኅበር የቀነሰው ገንዘብ በሚቀጥለው መኸር ሊተካ ይችላል፤ በዓባይ ቁልቁለት ሊጠፉ ይችሉ የነበሩት ሹፌርና ረዳት ግን አይተኩም። ከዚህ አዳራሽ ወደየማኅበራችሁ ስትመለሱ፣ ግቢ ውስጥ በቆመው መኪና ጎማ ሥር ጎንበስ ብላችሁ እዩ።

መልካም የምሥረታ በዓል ይሁንላችሁ!