መልሱን ሳይሆን መንገዱን

 

ዛሬ ተማሪዎችን ላናግር። በተለይ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞችን። በክልላችን፣ በአማራ፣ በግጭት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከርሟል። መምህር ያጣ ተማሪ የሚጠይቀው ጓደኛውን ነው። ፊዚክስ ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

አንዷ ትጠይቃለች፦ «ድንጋይ ወደ ላይ ተወረወረ። ጫፍ ላይ ሲደርስ አክስለሬሽኑ ስንት ነው?» ጓደኛዋ «ሲ ነው፣ አክብቢ» ይላታል። አከበበች። ምን አገኘች? ፊደል አገኘች። ነገ ድንጋዩ ኳስ ሆኖ ቢመጣ ያው ግራ ይገባታል።

ሌላው ጓደኛዋ ግን መልሶ ይጠይቃታል። «ጫፍ ላይ ድንጋዩ ለቅጽበት ይቆማል። መሬትስ መሳቧን ታቆማለች?» ትንሽ አሰበች። «አታቆምም!» አዎ፣ አታቆምም። ፍጥነቱ ዜሮ ነው፤ ስበቱ ግን አለ። አክስለሬሽኑም አለ፣ ወደ ታች። ራሷ ደረሰችበት። ለእሱም ሲያስረዳ ይበልጥ ጠራለት።

ልጆቼ፣ ጊዜ የለኝም አትበሉ። ጓደኛችሁ ዛሬ ጥያቄ ይዞ ሲመጣ ፊደሉን አትንገሩት። «እስኪ አንተ እስከ የት ደረስክ?» በሉት። ከዚያ አብራችሁ ቀጥሉ።