ላይ ቤትና ታች ቤት በሲ ቋንቋ፦ ተለዋዋጭን የት እናውጅ?

የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ነው። በሲ ቋንቋ ፕሮግራም ስንጽፍ ተለዋዋጭን፣ ማለትም ቫሪያብልን፣ የትና እንዴት እናውጅ? የመጻሕፍት ትርጓሜ ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ በተለየባት በጎንደር ስለምናገር፣ ስያሜውን ልዋስ። ተለዋዋጮች ሁሉ በብሎኩ ራስጌ ይታወጁ የሚሉትን «ላይ ቤት»፣ በሚያስፈልጉበት ቦታ ይታወጁ የሚሉትን ደግሞ «ታች ቤት» እላቸዋለሁ።

እኔ ያደግሁት በላይ ቤት ነው። የተማርኩት በቱርቦ ሲ ሲሆን፣ ያ ኮምፓይለር ከትእዛዝ በኋላ የመጣ አዋጅን አይቀበልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሲ ስታንዳርድም ያንኑ ያዝዛል። ስለዚህ ነገሩ የአጻጻፍ ምርጫ ሳይሆን የቋንቋው ሕግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ስታንዳርድ ግን አዋጅና ትእዛዝ ተደባልቀው እንዲጻፉ ፈቀደ። ሕጉ ተነሣ፤ እኔ ግን ማስተማሬን ቀጠልኩ።

አንድ ጊዜ የተማሪዎችን ውጤት ደምሮ አማካይ የሚያወጣ ፕሮግራም አዘዝኩ። አንዲት ተማሪ «ድምር» የተባለውን ተለዋዋጭ ከሉፑ በላይ ባለው መስመር አውጃ፣ እዚያው ዜሮ ሰጠችው። «ቦታው አይደለም» ብዬ ሁለት ነጥብ ቀነስኩባት። ሌላው ተማሪ እንደ ሕጌ ራስጌ ላይ አወጀ፤ መነሻ ዋጋ መስጠቱን ግን ረሳ። በእርሱ ኮምፒውተር ላይ መልሱ ትክክል ስለወጣ ሙሉ ነጥብ ሰጠሁት። ያው ፕሮግራም በጎረቤቱ ኮምፒውተር ላይ ሲሠራ ትርጉም የሌለው ትልቅ ቁጥር አወጣ። በሲ፣ በፈንክሽን ውስጥ የታወጀ ተራ ተለዋዋጭ ዋጋ ካልተሰጠው የሚይዘው አይታወቅም፤ ዜሮ ቢገኝም በዕድል ነው።

ተማሪዋ መጥታ፣ «መምህር፣ የቀነሱብኝ ስለ ስሕተቴ ነው ወይስ ስለ ቦታው?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ይህን የምነግራችሁ ታች ቤት አሸነፈ ለማለት አይደለም። ላይ ቤትም ምክንያት አለው። አንባቢው ፈንክሽኑ የሚጠቀምባቸውን ሁሉ በአንድ እይታ ያገኛል፤ ዝርዝሩ ሲረዝም ደግሞ ፈንክሽኑ መከፈል እንዳለበት ይገባዋል። የሊኑክስ ከርነል የአጻጻፍ መመሪያ የአንድ ፈንክሽን ተለዋዋጮች ከ5 እስከ 10 ከሚደርሱት እንዳይበልጡ የሚመክረው ለዚህ ነው።

የከርነሉ ታሪክ ራሱ ያስተምራል። ለረጅም ዘመን የ1989ኙን ሲ ተከትሎ ሲጻፍ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ 2011ዱ ስታንዳርድ ተሻገረ። መነሻው ይኸው የእኛ ጥያቄ ነበር፤ ከሉፕ ውጭ የታወጀ ተለዋዋጭ ሉፑ ካበቃ በኋላ በስሕተት ጥቅም ላይ እየዋለ ችግር ፈጠረ። ስለዚህ በሉፑ ውስጥ ማወጅ ተፈቀደ። ሆኖም በብሎክ መካከል ለሚመጣ አዋጅ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ በዚያን ጊዜ አልተነሣም። ሰዎቹ የወሰኑት ለቤታቸው በመወገን ሳይሆን ምክንያትን ከምክንያት በመለየት ነው።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። «ኢንት* ሀ, ለ;» ብለን ብንጽፍ፣ ኮከቧ ከዓይነቱ ጋር ስለተጣበቀች ሁለቱም ፖይንተር ይመስላሉ። በሲ ግን ኮከቧ የምትከተለው ስሙን ነው፤ ፖይንተር የሚሆነው «ሀ» ብቻ ሲሆን «ለ» ተራ ቁጥር ነው። በአንድ መስመር አንድ አዋጅ ብቻ ይጻፍ የሚለው ሕግ ይህን ወጥመድ ያስቀራል። ምክንያቱ ዛሬም አለና ሕጉም ዛሬ ይሠራል።

የትርጓሜ ሊቃውንት «አንድም» ብለው ሌላውን ፍቺ ሲያመጡ የመጀመሪያውን አይሰርዙም፤ ሐተታውን ጨምረው ጎን ለጎን ያኖሩታል። ተማሪው ፍቺውን ከነምክንያቱ ይቀበላል። እኔ ለተማሪዎቼ ያስተላለፍኩት ግን ሐተታው የጠፋበትን ፍቺ ነበር።

ስለዚህ ለትምህርት ክፍላችን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ተለዋዋጭ ሁሉ ከመነበቡ በፊት ዋጋ ያግኝ፤ በአንድ መስመር አንድ አዋጅ ይጻፍ፤ ስለ ቦታው ጸሐፊው ቤቱን ይምረጥ፣ በአንድ ፋይል ውስጥ ግን ሁለቱን አያደባልቅ። ከሁሉም በላይ፣ ከጎኑ ምክንያቱን ልንጽፍለት ባልቻልነው ሕግ የማንንም ተማሪ ነጥብ አንቀንስ።

የዚያችን ተማሪ ሁለት ነጥብ መልሻለሁ። ጥያቄዋን ግን እስከ ዛሬ ይዤዋለሁ፤ እናንተም ለመምህሮቻችሁ ደግማችሁ እንድትጠይቁት አደራ እላለሁ።