ስንቁን ማን ቋጠረ?
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኔ የቢቸና ልጅ ነኝ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ የፈረንሣይ ገበሬ ስለ ምን እንደ ተነሣ ተጠይቄ ጥሩ ማርክ አግኝቻለሁ። የቢቸናና የሞጣ ገበሬ በ1960 ዓ.ም. ስለ ምን እንደ ተነሣ ግን የጠየቀኝም ያስተማረኝም አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በዚያ ዓመት የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ ወጣ። ገበሬው የፈራው ግብሩን ብቻ አልነበረም፤ ከግብሩ ኋላ መሬት ለኪ ይመጣል፤ ቃላድ ከተጣለ ደግሞ ርስቴ ይሄዳል ብሎ ነው። አሻፈረኝ አለ። ጦር ዘመተበት፤ አውሮፕላንም ቦምብ ጣለበት። በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ ውዝፍ ግብሩም ተማረለት።

ይህን በሰፊው የጻፉልን ገብሩ ታረቀ ናቸው፤ መጽሐፋቸው እ.ኤ.አ. በ1991 በእንግሊዝኛ ታተመ። ባለታሪኩ ገበሬ እንግዲህ አያነበውም።

«ለገበሬ ማዳበሪያ እንጂ ታሪክ ምን ያደርግለታል?» የምትሉ አትጠፉም። የጎጃም ገበሬ ግን ታሪክ ቆጥሮ የበላ ሰው ነው! ርስት ለመካፈል ትውልዱን እስከ አቅኚው አባት ቆጥሮ በሽማግሌ ፊት መርታት ነበረበት። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ቆጠራው ሥራ ፈታ። ኋላ በየጥኖራ እንደ ታየው መሬቱ በአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ተጠቃለለ፤ ማኅበሩም በተራው ፈረሰ። በ1960 ዓ.ም. የሃያ ዓመት ጎልማሳ የነበረ ሰው ዛሬ ሰማንያ ሊሞላው ነው። ጊዜ የለንም።

ባለፈው ክረምት ከአንድ ጥናት ሁለት ገጽ ወደ አማርኛ መልሼ ለአያቴ አነበብሁላት። ዝም ብላ ሰማችኝና፥ «ልጄ፥ ወንዶቹ ጫካ ሲገቡ ስንቁን ማን ቋጠረ ይላል?» አለችኝ። ገጹን ብገለብጥ ምንም አይልም። ከዚያ በኋላ አንባቢዋ እርሷ፥ ጸሐፊው እኔ ሆንን፤ እስኪመሽ ድረስ ተናገረች።

አሳቤ ይኸው ነው። በመጻሕፍት ቤታችን የተቀመጡትን ጥናቶች በአጭሩ ወደ አማርኛ እንመልስ፤ መምህራንም እባካችሁ እረሙን። በዕረፍታችን በየአገራችን፥ ገበሬው በማያርስበት በበዓል ቀን ከቅዳሴ በኋላ ወይም በጽዋ ማኅበር ላይ እናንብብ። አንብበን ግን አፋችንን እንያዝ፤ «ይህስ እንዲህ አልነበረም» የሚለውን ሽማግሌ ቃል ጽፈን ወደዚህ እናምጣ።

ለቢቸና እኔ አለሁ። ለሞጣ ሁለት ሰዎች ተመዝግበዋል። ለየጥኖራ ገና ሰው አላገኘንም፤ መዝገቡ በማኅበሩ ጸሐፊ ዘንድ ነው።