ያልቆረጥነው ዕጣ አይደርሰንም
በሆሳዕና ለሰበካ ጉባኤያት አባላትና ለካህናት የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ስለ ውኃና ስለ ችግኝ ብዙ ተነጋግረናል። ዛሬ ከልጆቻችን እጅ ስለማይለየው ስልክ ልንነጋገር ወደድን። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ስልካችን የገንዘብ ቦርሳ ሆኗል፤ ቦርሳ ባለበት ደግሞ ሌባ አይጠፋም። «ከቴሌ ነው የምንደውለው፤ ዕጣ ደርሶዎታል» የሚለው ድምፅ በሆሳዕናም በሾኔም፣ በዱራሜም በሺንሺቾም ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም።

ስለ ልጆች የምንናገርበት ምክንያት አለን። አያቶች ሀዲይሳ ወይም ከምባትሳ ይናገራሉ፤ መልእክቱ የሚመጣው ግን በአማርኛ ነው። በብዙ ቤት አንብቦ የሚተረጉመው ልጅ ነው፤ የምሥጢር ቁጥሩንም የሚያውቀው ያው ልጅ ነው። ስለዚህ አታላዩ የሚነጋገረው ከ12 ዓመት ልጅ ጋር ነው። የሚጠፋው ደግሞ ምናልባት ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄደ ወንድም ለሕክምና ወይም ለቤት ክዳን ብሎ የላከው የላቡ ዋጋ ነው።

ልጆች ሦስት ጥያቄ ይልመዱ። አንደኛ፤ ዕጣ ቆርጠን ነበርን? ያልቆረጥነው ዕጣ አይደርሰንም። ሁለተኛ፤ ሽልማት ሰጪ ስለ ምን ገንዘብ ይጠይቃል? «ለማስፈጸሚያ» ብሎ የካርድ ቁጥር ወይም ጥቂት ብር የሚያስልክ ሰው ሰጪ ሳይሆን ወሳጅ ነው። ሦስተኛ፤ ስለ ምን ያጣድፈናል? «ስልኩን አትዝጉ፤ ለማንም አትንገሩ» የሚል ሰው የሚፈራው አማካሪ እንዳናገኝ ነው።

ይህንንም ይወቁ፤ ገንዘብ ለመቀበል የስልክ ቁጥር ይበቃል። የምሥጢር ቁጥር የሚያስፈልገው ለመላክ ነው። በመልእክት የሚመጣው የማረጋገጫ ቁጥርም የቤት ቁልፍ ነውና ለማንም አይነገርም። የሚገባው ስልኩን ዘግቶ ለታላቅ መንገር፣ ቀጥሎም ራስ ወደ 994 ደውሎ መጠየቅ ነው።

በቃል ብቻ የተነገረ ይረሳል። በሰንበት ትምህርት ቤት አንዱ ደዋይ፣ አንዱ ተቀባይ ሆነው ይለማመዱት። በታላቅ ሰው ላይ ስልክ መዝጋት ለጨዋ ልጅ ከባድ ነው። መታዘዝን ያስተማርነው እኛው ነን፤ አታላዩም የሚጠቀመው በዚያው ጨዋነት ነው። እንግዲህ ለማን መታዘዝ እንደማይገባም ማስተማር የእኛ ድርሻ ነው።

አባቶች ሆይ፤ የቅዱሳንን ሥዕል ይዞ «ለ10 ሰው ካስተላለፋችሁ በረከት ታገኛላችሁ» የሚል መልእክት በስልኮቻችን ይዞራል። በረከት በዚህ መንገድ እንደማይገኝ በዐውደ ምሕረት ንገሩልን። ይህን የለመደ ልጅ «ለ20 ሰው አስተላልፍ፤ ነፃ ጥቅል ታገኛለህ» የሚለውንም ያምናልና።

በመጨረሻም፣ ተታሎ የመጣውን ልጅ ዱላና ስድብ አይቀበለው። የተመታ ልጅ ሁለተኛ ጊዜ አይናገርም። ቶሎ ከተናገረ ግን ሂሳቡ እንዲታገድ መጠየቅና ለፖሊስ ማመልከት ይቻላል፤ በኮምፒዩተር የሚፈጸም ማታለል በአዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ወንጀል ነውና። ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን ሲልክ የዋህነትን ከብልህነት ሳይለይ አዘዛቸው። የዋህነቱን ለልጆቻችን አስተምረናል፤ ብልህነቱን እንጨምርላቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።