ክረምት ሳይገባ በቤት ውስጥ ሊሠራ ስለሚገባው ሥራ
ለመንደር ትምህርት ቤቶች መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተነገረ ቃል



ትምህርት ቤቱ በሰኔ ተዘግቶ በመስከረም እስኪከፈት ድረስ ልጆች በየቤታቸው ይሰነብታሉ። ወንዱ እርሻ ይከተላል፥ ከብት ይጠብቃል፤ ሴቲቱም ከእናትዋ ጋራ ጓዳ ትውላለች። እኛም ብዙ ጊዜ ይህን ወራት ትምህርት የቆመበት ጊዜ አድርገን እንቈጥረዋለን። ነገር ግን በክረምት በቤተ ሰብ ላይ የሚደርሰው ጉዳት አብዛኛው በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ ሊሠራ ሲገባው ሳይሠራ የቀረ ሥራ ያመጣው ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ ጐተራ፥ ስለ ምግብና ስለ እሳት ጥቂት ነገር ልነግራችሁ መጥቻለሁ። ስለ ቤት ክዳንና ስለ ግድግዳ ምርጊት ግን እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁና በእርሱ ላይ ብዙ አልቈይም።

አስቀድሜ የእህሉን ነገር ልናገር። በደጋና በወይና ደጋ አገር የመኸሩ እህል ከኅዳር እስከ ጥር ተወቅቶ ወደ ጐተራ ይገባል። ግንቦት ሲደርስ እንግዲህ አራት ወይም አምስት ወር ያህል ተቀምጧል ማለት ነው። በዚህም ጊዜ ነቀዝ ሲረባ ይቈያል። ነቀዝ እንቁላሉን በፍሬው ውስጥ ይደብቃል፤ ትሉም በዚያው ሆኖ ሆዱን እየበላ ያድጋል፤ ክንፍ አውጥቶ ሲወጣ ብቻ ሰው ያየዋል። ስለዚህ ባለቤቱ «ነቀዝ ገባብኝ» ብሎ በሚጮኽበት ቀን ጥፋቱ ከተጀመረ ብዙ ሳምንት አልፎታል። የክረምት እርጥበት ሲጨመርበት ደግሞ እህሉ ይሞቃል፥ ይሻግታል፤ የሻገተ እህል መርዝ ስላለበት መቀቀልም መጋገርም መርዙን አያጠፋለትም።

መድኃኒቱ ፀሐይ ነው። በግንቦት ፀሐይ በጠነከረችበት ቀን እህሉን ከጐተራ አውጥቶ በቁርበት ወይም በሸራ ላይ ስስ አድርጎ ማስጣት፥ በየጊዜውም ማገላበጥ ይገባል። ፍሬው እጅግ ሲግል በውስጡ ያለው ትል ይሞታል። በባዶ መሬት ላይ ማስጣት ግን የመሬቱን እርጥበት ያስገባበታል። ከተሰጣም በኋላ ቀዝቅዞ እንጂ እንደ ጋለ ወደ ጐተራ አይገልበጥ፤ የጋለ እህል በጐተራ ውስጥ ያልበዋልና። ጐተራውም አስቀድሞ ተጠርጎ፥ የቀድሞው ዓመት ትቢያና ብናኝ ወጥቶ መቃጠል አለበት፤ ስንጥቁም በጭቃና በእበት ይመረግ። አሮጌ እህልና አዲስ እህል በአንድ ጐተራ ማገናኘት ለነቀዝ ድልድይ መሥራት ነው።

እህሉ በቂ ደርቆ እንደ ሆነ ለመለየት አባቶቻችን በጥርስ ሰብረው ይመለከቱ ነበር፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን መምህር ለልጆች የሚያሳየው ሌላ መንገድ አለ። ንጹሕና ደረቅ የሆነ፥ ክዳን ያለው ጠርሙስ ወስዶ ሲሶውን ያህል እህል ይጨምሩበታል፤ በእሳት ዳር የደረቀ ጨው ጥቂት ማንኪያ ያክሉበታል፤ ከድነውም አንድ ደቂቃ ያህል አጥብቀው ይንጡታል። ከዚያ ሩብ ሰዓት አስቀምጦ መመልከት ነው። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ከቀረ በእህሉ ውስጥ ከመቶው 15 እጅ የሚበልጥ ውሃ አለ፤ እንደ ገና መሰጣት አለበት። ጨው ሳይጣበቅ ቢወርድ ደርቋል፤ ሆኖም አንድ ቀን ፀሐይ ቢጨመርለት አይጠላም።

ጤፍን ነቀዝ እንደማይበላው ሁላችሁ ታውቃላችሁ፤ ፍሬው ደቃቅ ስለ ሆነ ነቀዝ የሚያድርበት ሆድ የለውም። በብዙ አገር ገበሬዎች ማሽላውንና በቆሎውን ከጤፍ ጋራ ቀላቅለው የሚያስቀምጡት ስለዚህ ነው፤ ጤፉ በፍሬው መካከል ያለውን ቀዳዳ ሁሉ ስለሚሞላው ነቀዙ መተላለፊያ ያጣል። የተነፋ ደረቅ አመድም ይህንኑ ሥራ ይሠራል። ይህ ከመጻሕፍት የመጣ ሳይሆን ከእናንተው የተገኘ ዕውቀት ስለ ሆነ ልጆች ሊንቁት አይገባም።

ከዚህ ቀጥዬ የምናገረው የሰው ነፍስ ያለበት ነገር ነው። በዛሬው ጊዜ በየገበያው የነቀዝ መድኃኒት ተብሎ የሚሸጥ እንክብል አለ። ይህ እንክብል የአየር እርጥበት ሲነካው መርዘኛ ጢስ ያወጣል፤ ጢሱም ነቀዙን እንደሚገድል ሁሉ በዚያው ቤት የተኛውን ሰው ይገድላል። ሰው በሚያድርበት ቤት ውስጥ ባለ ጐታ ይህ እንክብል ከቶ አይግባ። ለእርሻ ተባይ የተሠራውንም ዱቄት ለሚበላ እህል ማድረግ እንደዚሁ ነው። ከዚህ ይልቅ በውስጡ ሁለት ድርብ ላስቲክ ያለበት፥ አየር የማያስገባ ከረጢት በየስፍራው እየተገኘ ስለ ሆነ የተቻለው ሰው ይግዛው። እህሉ በሚገባ ደርቆ አፉ አጥብቆ ሲታሰር፥ ነቀዙ በውስጡ ያለውን አየር ራሱ ተንፍሶ ይጨርስና ይሞታል።

የመሬት ጉድጓድም እህልን የሚጠብቀው በዚሁ ምክንያት ነው። እህሉና በውስጡ ያለው ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ መልካሙን አየር ይጨርሰዋል፤ በምትኩም ከባድ የሆነ የማይተነፈስ አየር ከታች ይተኛል። በሐምሌ ወይም በነሐሴ እህል ያለቀበት ሰው ጉድጓዱን ከፍቶ ወዲያው ሲገባ ራሱን ስቶ የሚወድቀው ስለዚህ ነው። ወንድሙም «ምን ነካው» ብሎ ሊያወጣው ተከትሎ ይገባል፤ እርሱም ይወድቃል። አንዳንድ ሰው ይህን የጋኔን ሥራ ያደርገዋል፤ ነገሩ ግን የአየር ጉዳይ ነው። ጉድጓድ ከተከፈተ በኋላ ብዙ ሰዓት ሳይናፈስ ማንም አይግባ። ኩራዝ በገመድ አስረው ቢያወርዱትና ቢጠፋ መግባት ሞት ነው፤ ባይጠፋም ደኅና ለመሆኑ ሙሉ ዋስትና ስላልሆነ መቸኰል አይገባም። የሚገባው ሰው ወገቡን በጠፍር ታስሮ፥ ከላይ ሁለት ጐበዞች ገመዱን ይያዙ። ከታች የወደቀ ሰው ቢኖርም በገመድ ይሳባል እንጂ ሌላ ሰው ያለ ገመድ አይከተለውም። ልጅንማ «ቀጭን ነው፥ በአፉ ይገባል» ብሎ ወደ ጉድጓድ መስደድ እጅግ ያስፈራል።

አሁን ወደ ምግብ ልለፍ። በዚህ ስፍራ ጓዳውን የሚያውቁት እናቶች ሳይገኙ ለወንዶች ብቻ መናገሬ ጉድለት መሆኑን አውቃለሁ፤ ወደየቤታችሁ ስትመለሱ ንገሩልኝ።

ጓያ ድርቅንም ውሃ የተኛበትንም መሬት የሚችል እህል ስለ ሆነ፥ ሌላው ሁሉ ሲጠፋ እርሱ ይተርፋል። ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ጓያ ከሌላ እህል ጋራ ጥቂት ጥቂት ቢበላ ብዙ አይጐዳም፤ ሁለትና ሦስት ወር ሙሉ ዋና ምግብ ሲሆን ግን በውስጡ ያለው መርዝ በጀርባ አጥንት ውስጥ የሚወርደውን ጅማት ይጐዳል። ሰውዬው እግሩ ይገተራል፥ በጣቱ ጫፍ ይረግጣል፥ ከዚያ በአንድ ምርኩዝ፥ ኋላም በሁለት ይሄዳል፤ የባሰበትም በእጁ ይድሃል። ከሁሉ ይልቅ የሚያጠቃው ጐልማሳውን፥ ያውም ገበሬውን ነው። አንድ ጊዜ ከያዘ በኋላም የሚያድን መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም። በ1969 ዓ.ም. በደንቢያና በፎገራ፥ በ1980ዎቹም መጨረሻ ከድርቅ በኋላ በደላንታ ዳውንት ብዙ ሰው በዚህ ደዌ ሽባ ሆኗል።

ብዙ ባላገር ይህ በሽታ የሚመጣው ጓያ ሲቀቀል ከሚወጣው እንፋሎት ነው ወይም ገለባውን በመርገጥ ነው ይላል። በዚህ እምነት የተነሣ ሰው ከእንፋሎቱ ይሸሽና ንፍሮውን ግን ጠግቦ ይበላል! መርዙ ያለው በፍሬው ውስጥ ነው። ይልቁንም እሸቱ ጥሬውን፥ ቆሎውና ንፍሮው የሚያሰጋ መሆኑ ተመርምሮ ታውቋል፤ በሽሮ መልክ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋራ ተሠርቶ የሚበላው ግን ከእነዚያ ያነሰ ጉዳት አለው።

«ጓያ አትብሉ» ማለት ለእኔ ቀላል ነው፤ በነሐሴ ሌላ እህል ለሌለው ሰው ግን ይህ ምክር አይሆነውም። ስለዚህ እንዲህ ብላችሁ ንገሩት። ጓያውን ማታ በብዙ ውሃ ይዘፍዝፈው፤ ጧት ውሃውን ይድፋው እንጂ ለወጥ አያድርገው። ሲቀቅለውም የመጀመሪያውን ውሃ ደፍቶ በአዲስ ውሃ ይቀቅል። ይህ መርዙን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ስለዚህ ከሚበላው ሁሉ ቢያንስ ሲሶው ገብስ፥ ማሽላ ወይም ሌላ የአገዳና የብርዕ እህል ይሁን። ይህን እንዲችል ደግሞ በጥርና በየካቲት፥ እህል ሳለ፥ ለክረምቱ ጥቂት ገብስ ለይቶ ማስቀመጥ አለበት። ጓያ ብቻ የቀረው ጐረቤት እንዳለ ያወቀ ሽማግሌም ጓያውን በእህል ለውጦ የሚረዳው ሰው ቢፈልግለት እግሩን አዳነለት ማለት ነው።

ለክረምት ከሚሆነው ምግብ ስልጆን ላንሣ፤ በፍልሰታ ጾም ብዙ ይጠቅማልና። ሱፉን አምሶ፥ ወቅጦ፥ በውሃ አሽቶ ያጠሩታል፤ የባቄላ ዱቄት በዚያ ውሃ እያማሰሉ እንደ ገንፎ ያበስሉታል። ሲበርድ የተፈጨ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ጨው ጨምረው በንጹሕ እንስራ ከድነው ጥቂት ቀን ያቈዩታል። ሳይበርድ ሰናፍጩን መጨመር ኃይሉን ያጠፋዋል። ከጓሮ ጎመን ጋራ ሲቀርብ ለልጅም ለአዋቂም መልካም ምግብ ነው። ጎመኑ እንዲደርስ ደግሞ ዘሩ ዝናቡ እንደ ጀመረ በጓሮ መደብ ላይ ይፍላ፤ በትምህርት ቤቱ ጓሮ የፈላውን ችግኝ ልጆቹ ሲበተኑ አምስት አምስት አድርጎ ቢያስይዟቸው ጥሩ ነው።

ስለ እሳት አንድ ነገር ብቻ እላለሁ። በክረምት ብርዱን ፈርቶ በርና መስኮት ዘግቶ የከሰል ምድጃ በመኝታ ቤት ማሳደር በየዓመቱ ሰው ይገድላል። ከሰል ጢሱ ስለማይታይ ደኅና ይመስላል፤ የሚገድለው አየር ግን ሽታም መልክም የለውም፤ የተኛውን ሰው ሳይቀሰቅስ ይወስደዋል። ይህ ከባላገሩ ይልቅ በገጠር ከተማ አንድ ክፍል ተከራይተው የሚቀመጡትን መምህራንና ተማሪዎች ይመለከታል፤ ስለዚህ እናንተ ራሳችሁ ተጠንቀቁ። ከመተኛት በፊት ምድጃው ወደ ውጭ ይውጣ።

የቤቱን ነገር እንዳልሁት በአጭሩ ልለፈው። ክዳኑ ዝናብ ሳይጥል ይጠገን፤ በቤቱ ላይኛ ወገን ጐርፍ የሚመልስ ቦይ ይቈፈር። እንዲህ ያለ ቦይ ከምንጩም በላይ ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያው ዝናብ የሜዳውን እድፍ ሁሉ ጠርጎ የሚያወርደው ወደ ምንጭ ነውና። የድፍርሱ ውሃ ሳይፈላ ለሕፃን አይሰጥ።

እናንተ መምህራን ትምህርት ከመዘጋቱ በፊት ባለው ሳምንት እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ ጐተራ አንድ እፍኝ እህል ይዞ እንዲመጣ እዘዙ። ጠርሙሱንና ጨውን እናንተ አዘጋጁ፤ የእያንዳንዱን እህል እየናጣችሁ አሳዩአቸው። ጨው የተጣበቀበትን ልጅ አባት ስም ለሽማግሌዎች ስጡ፤ ሽማግሌዎችም በእሑድ፥ ቅዳሴ ሲወጣ፥ ያ ሰው ፀሐይ ሳያልፍ እህሉን እንዲያሰጣ ይንገሩት።