የታሰረውን መጠየቅ የሰበካው ሥራ ነው
(በደራ ከተማ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት ከቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ከዚህ ቀደም ስንገናኝ የምንነጋገረው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ንጹሕ ውኃ፣ ስለ ችግኝ፣ ስለ ዘርና ስለ ጤና ነበር። ዛሬ ግን በሕግ ጥላ ሥር ባለ ሰው ላይ ስለሚፈጸም ድብደባና ማሰቃየት እንነጋገራለን። «ይህ ከልማት ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ሩቅ አይደለም። አራሽ በምርመራ ስም ተደብድቦ እጁ ሽባ ከሆነ ማሳው ጦም ያድራል። ልጆቹ ከትምህርት ይቀራሉ፤ ሚስቱም ስንቅ ለማመላለስ በጓሮ ያለችውን ፍየል ሳይቀር ትሸጣለች። ጉድጓድ ቆፍረን ያቆምነውን ቤተ ሰብ አንዲት የጨለማ ሌሊት ታፈርሰዋለች።

በሀገራችን ይህ ነገር ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር የማያውቅ የለም። «ቶርች» የሚለው የባዕድ ቃል በገጠር እናቶች አፍ ሳይቀር የተለመደው በከንቱ አይደለም። አዲስ አበባ የሚገኘው ማዕከላዊ የወንጀል ምርመራ እስር ቤት በየሥርዓቱ የስቃይ ስም ሆኖ ኖሯል። ሂዩማን ራይትስ ዎች በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት በዚያ ቤት ተጠርጣሪዎች እንዲያምኑ ይደበደቡ እንደነበር ዘርዝሯል። በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መንግሥት ማዕከላዊ እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ በዚያው ዓመትም ተዘጋ። በሰኔ 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቀርበው፣ ሰውን ማሰቃየትና በጨለማ ክፍል ማኖር ሕገ መንግሥቱ የማይፈቅደው፣ በራሱ በመንግሥት የተፈጸመ ሽብር መሆኑን ተናገሩ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ደግሞ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ በእስረኞች ላይ የደረሰውን ስቃይና ስውር ማሰሪያ ቤቶች እንደነበሩ ለሕዝብ ገለጹ።

ነገር ግን የአንድ ቤት በር መዘጋቱ የድርጊቱን በር አልዘጋም። ሩቅ ሳንሄድ በቅርባችን ያለውን እንመልከት። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. በኦሮሚያ ክልል ነፃነታቸውን ያጡ ሰዎችን ሁኔታ ለመመርመር ግልጽ መድረክ የከፈተው በጎረቤታችን በአዳማ ከተማ ነበር። በጥር ወር 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በሻሸመኔ በቤተ ክርስቲያናችን ዙሪያ በተፈጠረው ችግር የጸጥታ ኃይሎች በወሰዱት እርምጃ ምእመናን ሕይወታቸውን ማጣታቸውንም ይኸው ኮሚሽን አሳውቋል። ስለዚህ ይህን ጉዳይ የሌላ ሀገር ወሬ አድርገን ልናልፈው አንችልም።

ከእኛው መካከል «ሌባና ነፍሰ ገዳይ ካልተመታ መች ያወጣል?» የሚል ድምፅ ይሰማል። ንብረቱ የተሰረቀበትና ወንድሙ የተገደለበት ሰው ሐዘኑ እውነተኛ ስለሆነ ጥያቄውን በንቀት አንመልሰውም። ነገር ግን አባቶቻችን ያለፉበትን እናስታውስ። በጥንቱ ሥርዓት ሌባ ሻይ የሚባል ነበር። ለአንድ ልጅ መድኃኒት አጠጥተው እየተንገዳገደ የገባበትን ቤት ባለቤት ሌባ ይሉታል። በአውጫጭኝም የሀገሬው ሰው ወንጀለኛውን እስኪያወጣ ድረስ ከሥራው ታግዶ በአንድ ስፍራ ይሰበሰብ ነበር። ሁለቱም የሚሹት የሚጠየቅ ሰው ማግኘትን ነው። የተገኘው ሰው እውነተኛው ጥፋተኛ መሆኑን ግን አያረጋግጡም። ድብደባም እንዲሁ ነው። የተደበደበ ሰው የሚናገረው ደብዳቢው መስማት የሚፈልገውን ነው። ንጹሑ ሲያምን እውነተኛው ወንጀለኛ በገበያ ይመላለሳል፤ የሟች ወገንም ፍትሕ ያገኘ መስሎት ይታለላል።

ይህንን ከማንም በላይ ልናውቅ የሚገባን እኛ ነን። ቤተ ክርስቲያን ኑዛዜን የምትቀበለው በፈቃድ ሲቀርብ ብቻ ነው። ተገርፎ የተናዘዘ ሰው ንስሐ ገባ አንልም። በፍርድ ቤት ያለውም የእምነት ቃል ከዚህ የተለየ ሊሆን አይገባም። ጌታችን በሊቀ ካህናቱ ፊት ቆሞ ሳለ ከሎሌዎቹ አንዱ በጥፊ ሲመታው፣ ክፉ ተናግሮ እንደሆነ እንዲመሰክርበት፣ መልካም ተናግሮ እንደሆነ ግን ስለምን እንደሚመታው ጠየቀው። ሐዋርያው ጳውሎስንም የሮማው ሻለቃ በግርፋት ሊመረምረው ባዘዘ ጊዜ፣ ሐዋርያው ሳይፈረድበት መገረፉ በሕግ የተፈቀደ እንደሆነ ጠይቆ አስቆማቸው። ሕግን ጠቅሶ መብትን መጠየቅ እንግዲህ ከትሕትና ጋር የሚጋጭ ነገር አይደለም።

ሕጋችን ምን ይላል? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 18 ማንኛውንም ጭካኔ የተሞላበት፣ ኢሰብአዊና ክብርን የሚያዋርድ አያያዝ ይከለክላል። ይህ አንቀጽ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እንኳ ሊታገድ እንደማይችል አንቀጽ 93 ይደነግጋል። በአንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ ሊነገረው ይገባል። ኦሮምኛና አማርኛ ጎን ለጎን በሚነገሩበት እንደ ደራ ባለ ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ያላነበበውን ቃል የሚፈርም ሰው ምን እንደፈረመ አያውቅምና። የተያዘው ሰው ያለመናገር መብት አለው። ለጉዞ የሚወስደው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። በማስገደድ የተገኘ ቃልም ማስረጃ ሊሆን አይችልም። የወንጀል ሕጉ በቁጥር 424 ተጠርጣሪን የሚያሰቃይ ሹም ነገሩ ከባድ ሲሆን እስከ 10 ዓመት፣ ትእዛዙን የሰጠው ኃላፊ ደግሞ እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት እንደሚቀጡ ይናገራል።

ለካህናት በተለይ የምናሳስበው አንቀጽ 21ን ነው። በጥበቃ ሥር ያለ ሰው ከትዳር ጓደኛው፣ ከቅርብ ዘመዶቹ፣ ከጓደኞቹ፣ ከሐኪሙና ከጠበቃው ጋር ብቻ ሳይሆን ከሃይማኖት አማካሪው ጋር የመገናኘት መብት እንዳለው በግልጽ ተጽፏል። እንግዲህ የንስሐ አባት ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሲሄድ የሚጠይቀው ውለታ ሳይሆን መብት ነው።

ከዚህ በመነሣት እያንዳንዱ ሰበካ ሊያደርጋቸው የሚችላቸውን ነገሮች እንጠቁም።

አንደኛ፣ ሰው ተያዘ ሲባል የተያዘበት ቀንና ሰዓት፣ ቦታውና የወሰዱት ሰዎች ማንነት ወዲያው ይመዝገብ። የ48 ሰዓቱ ቆጠራ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ሁለተኛ፣ አንድ ካህንና አንድ የተከበሩ ሽማግሌ አብረው ይሂዱ። በትሕትና ሰላምታ ሰጥተው ሰውየው በዚያ መኖሩን፣ የተጠረጠረበትን ጉዳይና ፍርድ ቤት የሚቀርብበትን ቀን ይጠይቁ። ስንቅ ያልተነካ ሆኖ ከተመለሰ ወይም ቤተ ሰብ ከተከለከለ ዝም አይባል።

ሦስተኛ፣ በችሎቱ ቀን ሰው ይገኝ። ዳኛው በአንድ ጊዜ ሊፈቅድ የሚችለው የምርመራ ጊዜ ከ14 ቀን አይበልጥም። ጉዳት የደረሰበት ሰው ቁስሉን ለዳኛው አሳይቶ በመዝገብ እንዲጻፍለት ይጠይቅ።

አራተኛ፣ የተፈታ ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ፤ ሰንበር ይጠፋል፤ የሐኪም ማስረጃ ግን ይቀራል። ከዚያም ለዐቃቤ ሕግ ወይም ለሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል። የተጎጂው ፈቃድ ግን ይቅደም፤ ለመጮኽ ያልተዘጋጀውን ሰው ስሙን በአደባባይ ማንሣት ሌላ ጉዳት ነው።

አምስተኛ፣ የታሰረው ሙስሊም ወይም ፕሮቴስታንት ጎረቤታችን ቢሆንም እንዲሁ እናድርግ። ደጉ ሳምራዊ የቆሰለውን ሰው ከየት ወገን እንደሆነ አልጠየቀም።

በመጨረሻም ፖሊሱን አንርሳው። እርሱም የእናንተው ምእመን፣ የእናንተው የንስሐ ልጅ ነው። ሥራው ከባድ ነው፤ ሌሊት ከታጠቀ ወንጀለኛ ጋር የሚጋፈጠውና ሕይወቱን የሚያጣውም እርሱ ነው። አጥፊን ለመያዝ ተመጣጣኝ ኃይል እንዲጠቀም ሕግ ይፈቅድለታል። በ1990 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ያጸደቀው መርሕ ግን ለመግደል መተኮስ የሚፈቀደው ሕይወትን ለማዳን ሌላ መንገድ ሲጠፋ ብቻ መሆኑን ያስተምራል። እጁ የታሰረ ሰው ደግሞ ለማንም አደጋ አይደለም። መጥምቁ ዮሐንስ ወታደሮች ቀርበው ምን እናድርግ ባሉት ጊዜ ሥራችሁን ተዉ አላላቸውም፤ ሰውን እንዳይበድሉ፣ በሐሰትም እንዳይከሱ አስጠነቀቃቸው። እኛም ለፖሊስ ልጆቻችን በስብከታችንም በምክራችንም ይህንኑ እንንገራቸው። ታዝዞ የደበደበ ልጅ ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ወደ አባቱ ቢመጣ ቀኖናው ዳግመኛ ላለመምታት መወሰንንና የበደለውን መካስን እንዲጨምር አባቶች ታውቃላችሁ።

ጌታችን በመጨረሻው ፍርድ ከሚጠይቀን ነገሮች አንዱ የታሰረውን ስለ መጠየቃችን ነው። የጣቢያው በር ከቤተ ክርስቲያናችን ደጃፍ የራቀ አይደለም። መንገዱን የምናውቀው እኛ ነን፤ እንሂድበት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።