የሥልጣን ስምና የሥልጣን ሥራ፦ የፖለቲካ ሳይንስ ዘዴ ከደብረ ታቦር ሲታይ



የፖለቲካ ሳይንስ የሚያነሣቸው ጥያቄዎች ብዙ ቢሆኑም መነሻቸው አንድ ነው፤ ይኸውም «የሚያዘው ማን ነው? የሚታዘዘውስ ስለ ምን ይታዘዛል?» የሚለው ነው። ጥያቄው ለመጠየቅ ቀላል ነው፤ መልሱ ግን ያታልላል። ሥልጣን ስሙን በአንድ ስፍራ፣ ሥራውን በሌላ ስፍራ ሊያኖር ይችላልና። ይህን ለመረዳት ለሚሻ ተማሪ የደብረ ታቦር ታሪክ መልካም ትምህርት ቤት ነው።

ዐፄ ኢዮአስ በ1761 ዓ.ም. ከተገደሉ በኋላ ዘውዱ በጎንደር ቢቀርም ሥልጣኑ ከዘውዱ እየራቀ ሄደ። ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ስድስት ጊዜ ነግሠው ስድስት ጊዜ ከዙፋን ወረዱ፤ «ፍጻሜ መንግሥት» የተባሉትም በዚህ ዘመን ነው። የየጁው ራስ ጉግሣ መቀመጫቸውን በደብረ ታቦር ካደረጉ ወዲህ ደግሞ ንጉሡ በጎንደር፣ ጦሩና ሹም ሽሩ በደብረ ታቦር ሆነ። የማዕረግ ስሞችን ብቻ የሚያነብ ተመራማሪ «ይገዛ የነበረው የጎንደር ንጉሥ ነው» ብሎ ይሳሳታል። ጦር ብቻ የሚቈጥረውም ከዚያ የተሻለ አይደለም፤ ንጉሥ መሻርና መሾም የቻሉት ራሶች ዘውዱን በራሳቸው ላይ ያልደፉበትን ምክንያት ሊያስረዳ አይችልምና። ምክንያቱ የሰሎሞን ዘር ላልሆነ ሰው ዘውድ አይገባውም የሚለው እምነት ነበር። እምነት በጦር ሰልፍ ላይ አይታይም፤ ነገር ግን ጦሩን ከዙፋኑ በር ላይ ሊያቆመው ይችላል።

በውጭው ዓለም ዩኒቨርሲቲዎችም ይኸው ችግር ሲያከራክር ኖሯል። የቀድሞዎቹ ሊቃውንት ሕግንና መሥሪያ ቤትን በማጥናት ይወሰኑ ነበር፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተነሡት ግን የሰዎችን አድራጎት መመልከትና መቍጠር ያዙ። ሮበርት ዳል በ1961 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ኒው ሄቨን በተባለችው የአሜሪካ ከተማ ውሳኔ በተሰጠባቸው ጉዳዮች የማን ፈቃድ እንደ ተፈጸመ እየተከታተለ ገዢውን ለመለየት ሞከረ። በዓመቱ ፒተር ባክራክና ሞርተን ባራትዝ፣ ኃይለኛ ሰው ጉዳዩ ከነጭራሹ ለውሳኔ እንዳይቀርብ ማድረግ ስለሚችል የተወሰነውን ብቻ መቍጠር አይበቃም ሲሉ ተቹ። ትችቱ ለመሳፍንቱ ዘመንም ይሠራል፤ ወታደር ሲቀልብ የኖረው ባላገር እሮሮው በመኳንንት ሸንጎ ስላልተነሣ እሮሮ አልነበረውም ማለት አይቻልም።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ የሥልጣንን ስምና ሥራ ዳግመኛ በአንድ እጅ ለማግባት ተነሡ። ማክስ ቬበር በ1919 እ.ኤ.አ. ባደረገው ዕውቅ ንግግር፣ መንግሥት ማለት በአንድ ግዛት ውስጥ ተገቢ ነው በሚባል ኃይል የመጠቀምን መብት ለራሱ ብቻ የሚያደርግ አካል ነው ሲል ተርጕሟል። በደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ የተሠራው «ሴባስቶፖል» የተባለው ታላቅ መድፍ የዚህ ትርጓሜ ግማሽ ነው፤ ኃይሉን ያሳያል። ሌላው ግማሽ፣ ማለትም የተገዢው «ይገባዋል» ማለት፣ ከብረት ጋር የሚቀልጥ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን መሬት ምክንያት ከካህናት ጋር የመጣው ጠብ፣ ዓመፁና እርሱን የተከተለው የቅጣት ዘመቻ ያን ግማሽ በላው። ንጉሠ ነገሥቱ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፋቸውን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ሲጓዙ፣ ከሰፈራቸው ውጭ የሚታዘዛቸው አገር ጥቂት ነበር። የመድፍ ክብደት በሚዛን ይታወቃል፤ የመታዘዝ ክብደት ግን በምን ይታወቃል? ዘዴ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ዘዴ ምስክርን ከምስክር ማስተያየት ነው። ደብተራ ዘነብ በአማርኛ የጻፉት ዜና መዋዕል ለንጉሡ ያደላል፤ ከመጨረሻዎቹ የጥፋት ዓመታትም በፊት ያበቃል። ፍጻሜውን ጨምረው የጻፉት አለቃ ወልደ ማርያም ግን ፍርዳቸው ይከብዳል። «አንዱ ዋሽቷል» ከማለት በፊት እያንዳንዱ መቼና ከየት ቆሞ እንደ ጻፈ መጠየቅ ይገባል። ከዚህም ሌላ ስለ መንግሥት ለመመስከር ሳያስቡ የመሰከሩ ጽሑፎች አሉ። ዶናልድ ክረሚ በጎንደር አካባቢ አብያተ ክርስቲያናት ብራናዎች ላይ የሰፈሩትን የጉልትና የመሬት ሽያጭ መዝገቦች በመመርመር፣ መሬት ከማን ወደ ማን እንዳለፈ፣ ሴቶችም ባለመሬት እንደ ነበሩ አሳይቷል።

ሁለተኛው ዘዴ ሕያው ሰውን መጠየቅ ነው፤ እርሱም የራሱ ወጥመድ አለው። አፍሮባሮሜተር በ2005 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ባካሄደው የአስተያየት ጥናት ከተጠየቁት አብዛኞቹ የአገሪቱን ዴሞክራሲ ከፍ አድርገው ገመቱ። ውጤቱን የመረመሩት ሰዎች ግን መልሱ የመጣው ከፍርሃት ነው፣ ካለማወቅ ነው፣ ወይስ ዴሞክራሲን በሌላ መንገድ ከመረዳት ነው ብለው መጠየቅ ግድ ሆነባቸው። በሰምና ወርቅ ያደገ ሰው ለማያውቀው ጠያቂ ሰሙን ሰጥቶ ወርቁን ያስቀራል ይባላል። ይህ ግን የባህል ጠባይ ብቻ አይደለም፤ የሰጠው መልስ ምን እንደሚያስከትልበት የሚያውቅ ሰው ጥንቃቄ ነው።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ካስነሣው የትጥቅ ግጭት ወዲህ ይህ ጥንቃቄ በደቡብ ጎንደር የሕይወት ጉዳይ ሆኗል። መጠይቁን ይዞ የሄደው ተመራማሪ ሥራውን ጨርሶ ወደ ከተማው ይመለሳል፤ መልሱን የሰጠው ገበሬ ግን እዚያው ይኖራል። ስለዚህ የመላሹን ስም አለመጻፍ፣ ቀዬውን መሰወር፣ «አልመልስም» ሲል ማክበር የጨዋነት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የዘዴው አካል ነው። ዝምታም ቢሆን ራሱን ችሎ ሊመዘገብና ሊመረመር ይገባዋል እንጂ ከቍጥር ሊጣል አይገባውም።

እንግዲህ የሙያው ኃላፊነት የሥልጣንን ስም ከሥራው መለየት፣ ለዚህም በአንድ ምስክር አለመርካት ነው። በደብረ ታቦር ዘውድ ብቻውን አልገዛም፤ መድፍም ብቻውን አልገዛም። ባላገሩ በልቡ ይዞት የኖረውን ፍርድ ያልጠየቀ ጥናት የገዢዎችን ስም ይዘረዝር እንደሆነ እንጂ መንግሥትን አጠና ሊባል አይችልም። ፍርዱን ሲጠይቅ ደግሞ መላሹን ለአደጋ የሚያጋልጥ ከሆነ፣ ያወቀው ሁሉ ባላወቀው ይሻል ነበር።